የጎረቤት ቁፋሮና የነጋዴው ግድግዳ

በከተማ ውስጥ ሱቅ ወይም መጋዘን ያለው ነጋዴ ስለ ንብረቱ ደኅንነት ሲያስብ በመጀመሪያ የሚታወሱት ሌባና እሳት ናቸው። ስለዚህም በሩን በብረት ያጠናክራል፤ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ለእሳት አደጋም ኢንሹራንስ ይገባል። ከግድግዳው ባሻገር ጎረቤቱ የሚያስቆፍረው ጉድጓድ ግን እንደ አደጋ ሳይቈጠር ይቀራል፤ እንዲያውም የሰፈሩ ዕድገት ምልክት ነው ተብሎ በደስታ ይታያል። ደስታውስ አግባብ ነው። ዳሩ ግን አሮጌ ሱቅ ፈርሶ በስፍራው ምድር ቤት ያለው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በሚሠራበት ጊዜ ጉድጓዱ ከጎረቤቱ መሠረት በታች ብዙ ሜትር ስለሚወርድ፣ የጎረቤቱ ቤት ለብዙ ዘመን ተደግፎ የኖረበት አፈር ከጐኑ ይወሰዳል። ከዚህ በሚነሣው ክርክር ተጐጂው እውነቱን ይዞ ሳለ ባዶ እጁን ከፍርድ ቤት ሊወጣ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በምሳሌ ማየት ይሻላል።

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ መሠረቱ በድንጋይና በጭቃ የታነጸ አሮጌ ሱቅ አላቸው እንበል። ጎረቤታቸው በጥር ወር ቁፋሮ ያስጀምራሉ። በሚያዝያ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ነጋዴው ሄደው ቢያመለክቱ ጎረቤታቸው በትሕትና ተቀብለው፦ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ጎረቤት ነን፤ ሕንፃው ሲያልቅ የእርስዎንም ግድግዳ አብሬ አሳድሰዋለሁ፤ በዚህ ነገር ፍርድ ቤት የሚያደርስ ምን አለ?» ይሏቸዋል። ነጋዴውም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ይመለሳሉ። በክረምቱ ስንጥቁ ይሰፋል፤ ዝናብ ይገባል፤ በመደርደሪያ ላይ ያለው አቡጀዲ ይረጥባል። ሕንፃው በገንዘብ እጥረት አንድ ዓመት ቆሞ ይቀርና በሦስተኛው ዓመት ለሌላ ሰው ይሸጣል። ነጋዴው ያን ጊዜ ክስ ቢያቀርቡ የተከሳሹ ጠበቃ ስለ ግድግዳው አንድ ቃል ሳይናገር «ክሱ በይርጋ ቀርቷል» የሚል መቃወሚያ ያነሣል። ቍጥሩም ትክክል ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2143፣ ከውል ውጭ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ክሱን እንዲያቀርብ ያዛልና።

እንግዲህ የቁፋሮ ክርክር ፍርድ የሚሰጠው በችሎት ቢሆንም፣ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው ዶማው መሬት ከመንካቱ በፊት ባሉት ሳምንታትና ከነካ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ነው።

መሬቱ ስለሚሠራው ሥራ

ማንኛውም ሕንፃ ክብደቱን የሚያሳርፈው በቀጥታ ወደ ታች ብቻ አይደለም። ጫናው ከመሠረቱ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ታችም ወደ ጎንም እየሰፋ ይሄዳል። መሐንዲሶች ይህን በግምት ለማሳየት ከመሠረቱ ግርጌ ጫፍ ተነሥቶ በ45 ዲግሪ ወደ ታች የሚወርድ መሥመር ይሥላሉ። አዲሱ ጉድጓድ ይህን መሥመር ካልቈረጠው ሥጋቱ ያነሰ ነው፤ ከቈረጠው ግን አሮጌው ቤት የቆመበት የአፈር ትከሻ ተነካ ማለት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. የ1996 የጋራ ግድግዳ ሕግም በዚሁ አስተሳሰብ የተመሠረተ ነው። ከጎረቤቱ ሕንፃ 3 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ከዚያ ሕንፃ መሠረት በታች የሚቆፍር ሰው፣ እንደዚሁም እስከ 6 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ያን የ45 ዲግሪ መሥመር የሚቈርጥ ቁፋሮ የሚያደርግ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ለጎረቤቱ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት።

ጉድጓዱ ባይደረመስም ጉዳት ሊደርስ መቻሉን ብዙ ሰው አይገነዘብም። በአንድ ወገን ያለው አፈር በተነሣ ጊዜ በሌላው ወገን ያለው ወደ ባዶው ስፍራ ጥቂት በጥቂት ይገፋል። የግፊቱ ልክ በጣት የሚለካ ቢሆን እንኳ ድንጋይና ጡብ ከዚህ ያነሰውንም አይችሉም። በጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ቢገኝና ቀንና ሌሊት በፓምፕ ቢቀዳ ደግሞ፣ ውሃው ደቃቁን አፈር ይዞ ሊወጣ ወይም በአካባቢው ያለው ሸክላማ አፈር እየደረቀ ሊኰማተር ይችላል። እንዲህ ሲሆን ከጉድጓዱ ራቅ ያለው ቤትም ይጐዳል። ድንጋይ የሚፈረክሰው መኪና የሚያስነሣው ንዝረትም አለ። ያ ግን ድምፁ ስለሚሰማ ወዲያው ክስ ያስነሣል፤ አደገኛው ድምፅ የሌለው ነው።

በአዲስ አበባ በፒያሳና በመርካቶ አካባቢ ከቆዩት ቤቶች ብዙዎቹ መሠረታቸው ጥልቅ አይደለም። የእንጨትና የጭቃ ቤት ተለዋዋጭ ስለ ሆነ ትንሽ መንቀሳቀስን ሳይፈርስ ይችለዋል፤ ልስኑ ይረግፋል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ግን ወይ እንዳለ ይቆማል ወይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከጎረቤት ቁፋሮ በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በር ወይም መስኮት መንከስ ከጀመረ፣ ነጋዴው አናጢ ከመጥራቱ በፊት ወደ ግድግዳው መመልከት ይገባዋል።

ሕጉ የሚከፍታቸው በሮች

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ረቂቁንም በከፍተኛ ደረጃ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለተጐጂው ከአንድ በላይ መንገድ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው የታወቀው የጥፋት መንገድ ሲሆን፣ በቍጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ አለበት። በዚህ መንገድ የሚሄድ ከሳሽ ቆፋሪው ጥንቃቄ ማጓደሉን ማስረዳት ይኖርበታል፤ ይኸውም የጉድጓዱን ግድግዳ በእንጨት፣ በብረት ወይም በኮንክሪት አለመደገፉን፣ የአፈር ምርመራ ሳያደርግ መጀመሩን፣ ወይም የቀረበለትን ማስጠንቀቂያ ችላ ማለቱን ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ ለአንድ ባለ ሱቅ ከባድ ሸክም ነው፤ የቁፋሮው ፕላንና የሥራው መዝገብ ያለው በተከሳሹ እጅ ነውና።

ሁለተኛው መንገድ ጥፋት ሳይኖር ስለሚመጣ ኃላፊነት የተጻፈው ቍጥር 2069 ነው። ይህ ድንጋጌ ፈንጂ ወይም መርዝ የሚያከማቸውን፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መሥመር የሚዘረጋውን፣ የመሬትንም አቀማመጥ የሚለውጠውን ሰው በአንድነት ያነሣል። በዚህ ሥራው ሌላውን ሰው ከተለመደው በላይ ለሆነ አደጋ ያጋለጠና አደጋውም የደረሰ እንደ ሆነ፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ይሆናል። በቍጥር 2086 ደግሞ እንዲህ ያለው ኃላፊ «ጥፋት አልሠራሁም» ወይም «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» በማለት ከኃላፊነቱ ሊድን እንደማይችል፣ የሚድነውም ተጐጂው ራሱ ባጠፋው መጠን ብቻ እንደ ሆነ ተደንግጓል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማንኛውም ቦይ መቆፈር «የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ» ነው ማለት አይቻልም። አጥር ለመትከል ግማሽ ሜትር የቆፈረ ሰው ጎረቤቱን ከተለመደው በላይ ለሆነ አደጋ አጋለጠ ቢባል ዳኛው ፈገግ ይላል። በአሮጌ ግድግዳ ጥግ እስከ ሁለት ምድር ቤት ጥልቀት የወረደ ሰው ግን ከድንጋጌው ቃል ብዙም ርቆ አይገኝም። በመካከላቸው ያለው ሰፊ ስፍራ የዳኛው ፍርድና የባለሙያው ምስክርነት የሚሞሉት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ጠበቃ ክሱን በአንዱ ብቻ ሳይመሠርት ሁለቱንም በአማራጭ ያቀርባል። ከዚህም ጋራ በንብረቱ የሚጠቀም ሰው ጎረቤቱን የሚጐዳ ወይም የሚያውክ ሥራ እንዳይሠራ የሚከለክለውን፣ ከመልካም ጉርብትና ያለፈውንም ንዝረት በስም የሚጠቅሰውን ቍጥር 1225 ይጨምራል። የከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሀብት ቢሆንም ይህ ክርክሩን አያጠፋውም። ካሣ የሚጠየቀው ስለ መሬቱ ሳይሆን በላዩ ስለ ቆመው ቤትና በውስጡ ስላለው ዕቃ ነው። እንደዚሁም ተከሳሹ ከማዘጋጃ ቤቱ ያገኘው የግንባታ ፈቃድ ሕንፃ ለመሥራት የተሰጠ ነው እንጂ የሌላውን ቤት ለማፍረስ የተሰጠ አይደለም።

በተግባር ከሁሉ ይልቅ ተጐጂውን የሚያደክመው ባለ ሕንፃውና ሥራ ተቋራጩ እርስ በርሳቸው መጠቋቈማቸው ነው። ባለ ሕንፃው «የቆፈረው ኮንትራክተሩ ነው፤ በውላችንም ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊነቱን ወስዷል» ይላል። ኮንትራክተሩ በበኩሉ «በተሰጠኝ ፕላን ሠራሁ» ይላል። የባለ ሕንፃው ክርክር በጥፋት መንገድ ሲታይ መሠረት የለውም አይባልም፤ ቍጥር 2134 በራሱ ነጻነት የሚሠራ ባለሙያ ላደረሰው ጥፋት አሠሪው ኃላፊ እንደማይሆን ይናገራልና። በቍጥር 2069 መንገድ ግን፣ ከላይ እንደ ተነገረው፣ የሌላ ሰው ጥፋት መከላከያ አይሆንም። በሁለቱ መካከል ያለው ውልም ለእነርሱ ነው እንጂ ለጎረቤቱ አልተጻፈም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድነት መክሰስ ይገባል፤ ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ብዙ ሰዎች በአንድነትና በነጠላ እንደሚጠየቁ በቍጥር 2155 ተጽፏልና።

ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1876 በተፈረደው በባወርና በፒት ክርክር ተከሳሹ ቤቱን አፍርሶ መሠረት እንዲቆፍርለት ኮንትራክተር ቀጥሮ ነበር። ኮንትራክተሩም የጎረቤቱን ቤት ደግፎ ሊያቆይና ጉዳት ቢደርስ ሊያድስ በውሉ ግዴታ ገብቶ ነበር። ድጋፉ አልበቃ ብሎ የጎረቤቱ ቤት ሲጐዳ፣ ተከሳሹ ያን ውል መከላከያ አድርጎ ቢያቀርብ አልተቀበሉትም፤ በባሕርዩ አደጋ የሚያመጣ ሥራ ያዘዘ ሰው አደጋው እንዳይደርስ የማድረግን ግዴታ ወደ ሌላ ማስተላለፍ አይችልም ተባለ። ከ5 ዓመት በኋላ የጌቶች ምክር ቤት በኒውካስል ከተማ ስለ ወደቀ የሠረገላ ፋብሪካ በፈረደበት በዳልተንና በአንገስ ክርክር ይኸው አሳብ ጸና።

የኒውካስሉ ክርክር በሌላም ነገር ለነጋዴ ይጠቅማል። የወደቀው ቤት በመጀመሪያ መኖሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1849 ወደ ፋብሪካነት ሲለወጥ የውስጥ ግድግዳዎቹ ስለ ተነሡ በጎረቤቱ አፈር ላይ ያረፈው ጫና በዝቶ ነበር። ያም ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ በግልጽ እንደዚያው በመቆየቱ የድጋፍ መብት አግኝቷል ተብሎ ለባለ ፋብሪካው ተፈረደ። የኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለ የ20 ዓመት ደንብ አይከተልም። ተጐጂው በጉዳቱ ውስጥ የራሱ ጥፋት እንዳለበት ከተረጋገጠ ካሣው በዚያው መጠን ይቀነሳል። ሱቁን ለማስፋት የውስጥ ግድግዳ ያነሣ፣ ያለ መሐንዲስ ምክር ቆጥ የሠራ፣ ወይም ለጨርቅ በተሠራ ወለል ላይ የሲሚንቶ ከረጢት እስከ ጣሪያ የከመረ ነጋዴ፣ ይህን የተከሳሹ ጠበቃ በመጀመሪያው ቀን እንደሚያነሣበት ይወቅ።

ስንጥቁ ከመቼ ጀምሮ ነበር?

በችሎት ፊት ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። አዲስ አበባና ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች በከፊል የቆሙት ዋልካ ወይም መረሬ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ቀላል ቤትም ማንም ሳይነካው በየዓመቱ ከፍ ዝቅ እያለ ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ተከሳሹ «ይህን ያደረገው ዋልካው ነው፤ ከእኔ በፊትም ነበር» ሲል መልሱ ሐሰት ነው ብሎ በችኮላ መናገር አይቻልም። እውነት የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

ክርክሩን የሚያሳጥረው ቁፋሮው ሳይጀመር የተደረገ የግድግዳ መዝገብ ብቻ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በመረጡት መሐንዲስ ፊት እያንዳንዱ ክፍል ከውስጥም ከውጭም ይታያል። ያለው ስንጥቅ ሁሉ ርዝመቱና ስፋቱ ይለካል፤ አጠገቡ ማስመሪያ ተይዞ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የወለሉ ልክና የግድግዳው ቀጥ ማለት ይጻፋል፤ ሁለቱም ወገኖች ቀን ጽፈው ይፈርሙበታል። ወጪው ከአንድ ክስ የዳኝነትና የጠበቃ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጥቅሙም ለተጐጂው ብቻ አይደለም። ሕንፃ የሚያሠራው ነጋዴ፣ ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎችም መካከል እንዲህ ያሉ ብዙዎች አሉ፣ በዚህ መዝገብ ለ30 ዓመት የቆየውን የጎረቤቱን ስንጥቅ ከመክፈል ይድናል።

መዝገቡ ሳይደረግ ቁፋሮ ከተጀመረ ግን ሁሉ ነገር ጠፋ ማለት አይደለም። ስንጥቁ ራሱ ይመሰክራል። አዲስ ስንጥቅ ጠርዙ ስለታምና ንጹሕ ነው፤ በውስጡም የድንጋዩ ወይም የብሎኬቱ የራሱ ቀለም ይታያል። አሮጌው ጠርዙ የዶለዶመ ነው፤ በውስጡ አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ አንዳንድ ጊዜም የቀድሞ ቀለም ቅብ ይገኝበታል። እያደገ መሆኑን ለማወቅም በስንጥቁ ላይ ቀጭን የመስተዋት ቍራጭ በጄሶ አጣብቆ ቀኑን መጻፍ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ግድግዳው በተንቀሳቀሰ ጊዜ መስተዋቱ ይሰበራል። መስተዋቱ የተለጠፈበትና የተሰበረበት ቀን ከቁፋሮው የሥራ ቀናት ጋር ሲነጻጸር ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል። በዚህ ጊዜ የማይገባው ነገር ስንጥቁን ለውበት ሲባል ፈጥኖ መለሰንና መቀባት ነው፤ ነጋዴው ዋና ምስክሩን በገዛ እጁ ቀበረው ማለት ነው።

ማስረጃ በጊዜው ካልተያዘ ፍለጋው ምን ያህል እንደሚያስወጣ በጀርመን አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2009 በኮሎኝ ከተማ ለምድር ውስጥ ባቡር በተቆፈረ ጉድጓድ አጠገብ የነበረው የከተማው ቤተ መዛግብት ተደርምሶ፣ በአጠገቡ ባሉ ቤቶች የነበሩ 2 ሰዎች ሞቱ። የጉድጓዱን የኮንክሪት ግድግዳ ከሥሩ ለማየት ሌላ ጉድጓድ መቆፈር አስፈልጎ ምርመራው ዓመታት ፈጀ። ተቋራጮቹ ለከተማው 600 ሚሊዮን ኤውሮ ለመክፈል የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሕጉስ ግልጽ ነበር፤ የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 909፣ በሌላ መንገድ በቂ ድጋፍ ካልተደረገ በቀር የጎረቤት መሬት ድጋፉን በሚያጣበት አኳኋን መቆፈርን በአጭሩ ይከለክላል። ዓመታቱን የፈጀው ምክንያቱን የመፈለጉ ሥራ ነው።

በሩን መዝጋትና ሥራውን ማሳገድ

የተቈጣ ጎረቤት ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር የባለ ሕንፃውን መሐንዲስ ከግቢው ማባረር ነው። ይህ ስሕተት ነው። አሮጌውን መሠረት ከሥር ለማጠናከር፣ ይኸውም ከ1 ሜትር ብዙ በማይበልጥ ክፍል ተራ በተራ እየቆፈሩ በኮንክሪት ለመሙላት፣ ወይም ግድግዳውን በምሰሶ ለመደገፍ የግድ ወደ ጎረቤቱ ይዞታ መግባት ያስፈልጋል። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1855 የወጣው ሕግ ከ10 ጫማ፣ ማለትም ከ3 ሜትር ገደማ በታች የሚቆፍር ሰው የጎረቤቱን ግድግዳ በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ሲያስገድድ፣ ይህ ግዴታ የሚጸናው ጎረቤቱ ለመግባት ፈቃድ የሰጠው እንደ ሆነ ነው ብሎ ነበር። ፈቃዱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የመግቢያ ቀኑ፣ የሥራው ዓይነት፣ የሸቀጡም መሸፈኛ ይጠቀስበታል።

ሥራውን በፍርድ ቤት ማሳገድም እንዲሁ አስተሳሰብ ይፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ግድግዳው በሚንቀሳቀስበት ጊዜም ተጐጂው መጠየቁ አግባብ ነው። ነገር ግን ከተቆፈረ ጉድጓድ ሁሉ የሚያስፈራው ሳይደገፍ ሥራው የቆመበት ጉድጓድ ነው። በግንቦት የታገደ ቁፋሮ ሐምሌንና ነሐሴን ባዶውን ቢያድር፣ የክረምቱ ውሃ ዳኛው እንዲቆም ያዘዘውን ጉዳት ይፈጽመዋል። ስለዚህ አቤቱታው «ቁፋሮው ይቁም» ብቻ ሳይሆን «ቁፋሮው ቆሞ ጉድጓዱ በባለሙያ ይደገፍ፣ ውሃውም ይቀዳ» የሚል መሆን አለበት።

ሸቀጡና ወረቀቱ

ብዙ ነጋዴ በተከራየው ቤት ስለሚሠራ «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ ምን አገባኝ» ይላል። የግድግዳው ካሣ የባለቤቱ መሆኑ እውነት ነው፤ የረጠበው ሸቀጥ፣ የተዘጋው ሱቅና የቀረው ገቢ ግን የተከራዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከፈረደባቸው ክርክሮች አንዱ ይህን በመልካም ያሳያል። በብሮድዌይ ጎዳና በአጠገቡ ጥልቅ ቁፋሮ ሲደረግ አንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሕንፃ አዘንብሎ ሰው እንዲወጣበት ታዘዘ። ከከሳሾቹ አንዱ በምድር ቤቱ ሱቅ ተከራይቶ ይነግድ የነበረ ድርጅት ነው። ፍርድ ቤቱም ቆፋሪው ጥንቃቄ አጓደለ አላጓደለም ሳይባል ቁፋሮው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ሲል ወሰነ።

በቍጥር 2091 መሠረት ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር ትክክል መሆን ስላለበት፣ ነጋዴው ያጣውን ገቢ የሚያስረዳው በሒሳብ መዝገቡ ነው። ሽያጩን በመዝገብ አሳንሶ የጻፈ ሰው ለገቢ ግብር የተናገረውን ቍጥር በችሎት ከፍ አድርጎ ቢናገር ማንም አያምነውም። ስንጥቁ ሲታይ ዕቃውን ከግድግዳው ማራቅ፣ የተጐዳውንም በምስክር ፊት ቈጥሮ ዝርዝሩን መጻፍ ይገባል፤ ዝናብ እየገባ ስኳሩን በስፍራው የተወ ሰው ሙሉ ዋጋውን ይከፈለኛል ብሎ ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል። የኢንሹራንሱንም ውል በዚያው ሰሞን ገልጦ ማንበብ ያስፈልጋል። የእሳት ዋስትና ብቻ የገባ ሰው በውሉ ውስጥ ስለ መሬት መንሸራተትና ስለ ሕንፃ መስመጥ የተጻፈ ነገር ከሌለ ከዚያ የሚያገኘው አይኖርም። ይልቅስ ኮንትራክተሩ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ዋስትና ገብቶ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ኩባንያና በምን ያህል ገንዘብ እንደ ሆነ ቁፋሮው ሳይጀመር መጠየቅ ይጠቅማል። ይህን ጥያቄ የሚቈጣበት ኮንትራክተር ዋስትና የሌለው ነው።

አሁን ወደ ጨርቅ ነጋዴው መመለስ ይገባል። የጎረቤታቸውን ቃል ማመናቸው አያስነቅፋቸውም፤ በንግድ ሰፈር ሰው ሁሉ በየቀኑ በክስ ሊኖር አይችልም። የጐደለው ያ ቃል በወረቀት አለመስፈሩ ነው። «ሕንፃው ሲያልቅ አሳድሳለሁ» የሚለው ተስፋ የሚያበቃበት ቀን የለውም፤ 2ቱ ዓመት ግን የሚቈጠረው ስንጥቁ ከታየበት ቀን ጀምሮ ነው ብሎ መነሣት ለተጐጂው ይበጀዋል። ጉዳቱ ቀስ በቀስ የመጣ ነው፣ ቈጠራውም ከመጨረሻው ይጀምራል ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ ክርክር ላይ ሱቁን የሚያስይዝ ሰው ደፋር ነው። በሚያዝያ ወር ሁለቱ ተገናኝተው፣ ስንጥቁ በቁፋሮው ምክንያት መድረሱን፣ እድሳቱ በምን ቀን ተጀምሮ በምን ቀን እንደሚያልቅ፣ ባያልቅ ምን ያህል ብር እንደሚከፈል፣ ሕንፃው ለሌላ ቢሸጥም ግዴታው በፈራሚው ላይ እንደሚጸና የሚናገር አንድ ገጽ ውል ጽፈው በምስክሮች ፊት ቢፈርሙ ኖሮ፣ የነጋዴው ጥያቄ ከውል የመነጨ ይሆን ነበር። ስለ ውል የተወሰነው የይርጋ ጊዜ ደግሞ 10 ዓመት ነው።